አሰልጣኛቸውን መልሱላቸው፦ ከጅማ የመካከለኛ ርቀት ታዳጊዎች ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የከተማችንን ስፖርት እንድትመሩ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ
ግልባጭ፦ ለጅማ ሕዝብ
ጉዳዩ፦ የ800 እና የ1500 ሜትር ታዳጊዎች አሰልጣኝ ከሥራ መሰናበትን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

እኛ ልጆቻችን በከተማችን የመካከለኛ ርቀት ሩጫ የታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ የሚሰለጥኑ ወላጆችና አሳዳጊዎች ነን። መርካቶ ጉልት የምትሸጥ እናት፣ ባጃጅ የሚነዳ አባት፣ መምህር፣ ነርስ፣ ልጁን ከሰርቦ አምጥቶ እህቱ ቤት ያስጠጋ ገበሬ ከመካከላችን አለ። ባለፈው በጀት ዓመት ማብቂያ ላይ ለልጆቻችን አሰልጣኝ ኮንትራቷ እንደማይታደስ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ተሰጣት። አዲሱ መዋቅር ለመደቡ የሚጠይቀውን የትምህርት ዝግጅት አታሟላም ተባለ። በአካል መጥተን ጠይቀናል፤ ማመልከቻም አስገብተናል። «ጉዳዩ እየታየ ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘንም። ልጆቹ ግን እያደጉ ነው፤ ለአንድ የ16 ዓመት ሯጭ የባከነ ዓመት ተመልሶ አይመጣም። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው ለዚህ ነው።

የአሰልጣኟን ስም አንጽፍም። ሥራ ፍለጋ ሰው ያስጻፈች እንዳይመስልባት ሰግታ ራሷ ስሜን አታንሱ ብላናለች። ሕዝቡ ያውቃታል። ከጅማ ዞን ወረዳዎች በአንዱ ተወልዳ፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር ታይታ፣ አዲስ አበባ ክለብ ገብታ በ1500 ሜትር በአገር አቀፍ ሻምፒዮና ለሜዳሊያ የበቃች፣ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሳም ከአህጉራዊ ውድድር ሜዳሊያ ይዛ የተመለሰች ሯጭ ነበረች። የተረከዟ ጅማት ተጎድቶ እንደ ቀድሞው መሮጥ ሲያቅታት አዲስ አበባ መቅረት ትችል ነበር፤ አብረዋት የሮጡ ብዙዎች እዚያው ቀርተዋል። እሷ ግን የአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስ ወስዳ ወደ ጅማ ተመለሰች። በወር የምታገኘው ክፍያ ከቤት ኪራይዋ ብዙም አይተርፍም ነበር። ከዚያችው ላይ ቆንጥራ ቁርስ ሳይበሉ ለሚመጡ ልጆች በሶ ትበጠብጥላቸው እንደነበር በዓይናችን አይተናል።

ሥራዋን በቅርብ ላላያችሁት ጥቂት እናስረዳ። 800 እና 1500 ሜትር ጉልበት ያለው ሁሉ የሚያሸንፍባቸው ርቀቶች አይደሉም። በመጀመሪያው 200 ሜትር በስሜት የበረረ ልጅ መጨረሻው 150 ሜትር ላይ እግሩ ይታሰራል። ስለዚህ አስቀድማ የምታስተምረው ፍጥነትን መመጠን ነው። «200 ሜትር በ40 ሰከንድ ሩጡ» ትላለች፤ ሰዓት የያዘችው እሷ ብቻ ናት። በ42 የገባ ይደግማል፤ በ37 የገባም ይደግማል። ፈጥኜ ገባሁ ብሎ ምስጋና የሚጠብቀውን ልጅ ጠርታ «ያልኩህ 40 ነው፤ አሁን ያባከንከውን ጉልበት መጨረሻው ዙር ላይ ከየት ታመጣዋለህ?» ትለዋለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጆቹ ገና ሳትነግራቸው «39 ነው ኮች» ማለት ጀመሩ፤ ሰዓቱ ሲታይም 39 ሆኖ ይገኝ ነበር።

ወባ ከአካባቢያችን አልጠፋም። ትኩሳት ይዞት የሰነበተ ልጅ ገና ሳያገግም ለልምምድ ሲመጣ ፊቱን አይታ ወደ ቤቱ ትመልሰዋለች። ሴት ልጅ ስትገረጣና ሰዓቷ ሲዘገይ «ሰነፍሽ» አትላትም፤ እናትየዋን ጠርታ የደም ማነስ ምርመራ እንድታስደርግላት ትነግራታለች። በዚህ መንገድ የልጇን ሕመም በጊዜ የደረሰችበት እናት ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። በረመዳን ለሚጾሙት ከባዱን ልምምድ ታስቀርና ቀለል ያለውን ሩጫ ከማፍጠሪያ በፊት ወዳለው ሰዓት ታዞርላቸዋለች፤ በዐቢይ ጾም የሚጾሙትንም ምን እንደሚበሉ እየጠየቀች ልምምዳቸውን ትመጥንላቸዋለች። ይህ ሁሉ በሥራ መደቡ መግለጫ ላይ አልተጻፈም። ልጆቻችንን ሜዳ ላይ ያቆያቸው ግን ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን በመስፈርቱ ላይ ነው። ትምህርት አያስፈልግም የሚል ወላጅ ከእኛ መካከል የለም። የምንለው፣ መስፈርቱ ዲግሪን ብቻ አይቶ አንድ ሰው ለዓመታት ሮጦ ያካበተውን እውቀት ከምንም አለመቁጠሩ ልክ አይደለም ነው። የአገራችን አትሌቲክስ የቆመው በሁለቱም ዓይነት ሰዎች ነው። በአርሲዋ በቆጂ ላይ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ከልጅነታቸው የያዙት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ። ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ብሔራዊ ቡድኑን ያሰለጥኑ የነበሩት ንጉሤ ሮባ ደግሞ በወጣትነታቸው ራሳቸው ሯጭ ነበሩ። መምህሩም ሯጩም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ለምን አስፈለገ?

በቦታዋ የተመደበው ወጣት ጨዋና የተማረ ባለሙያ ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን እግር ኳሱንም፣ መረብ ኳሱንም፣ አትሌቲክሱንም ለብቻው እንዲይዝ ተደርጓል። ልጆቻችንን በሳምንት አንድ ቀን ቢያገኛቸው ነው። ወላጆች በተሰበሰብንበት «እሷ ብትኖር እኔም ከእሷ እማር ነበር» ያለን እሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን እሷ በሌለችበት የደረሰው ጉዳት ነው። ከተሰናበተች በኋላ ልጆቹ ወደ መጀመሪያው ውድድር የሄዱት ያለ አሰልጣኝ ነው። የቡድን መሪ ሄዷል፤ የፋይናንስ ሰው ሄዷል፤ ስለ 800 ሜትር የሚያውቅ ሰው ግን አብሯቸው አልነበረም። ከሴት ልጆቻችን አንዷ በ800 ሜትር ማጣሪያ ተሰለፈች። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ሯጭ የመጀመሪያውን ኩርባ በራሱ መስመር ጨርሶ፣ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ወደ ውስጠኛው መስመር መግባት የሚፈቀድለት። የእኛ ሜዳ የአፈር ነው፤ መስመር የለውም። አሰልጣኛችን ውድድር ሲቃረብ በጣሳ ኖራ ይዛ ጎንበስ ብላ ኩርባውን ታሰምራለች፤ መገንጠያው ላይ ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጡ ሁለት ምልክቶች ትተክላለች፤ ከዚያ እግራቸው እስኪለምደው ደጋግማ ታስሮጣቸዋለች። ዘንድሮ ይህን ያደረገላቸው የለም። ልጅቷ ኩርባውን ሳትጨርስ ወደ ውስጥ ገባች። ማጣሪያውን አንደኛ ሆና ጨረሰች፤ ውጤቷ ግን ተሰረዘ። ለምን እንደተሰረዘ እንኳ በቦታው ያስረዳት ሰው አልነበረም። ጅማ እስክትደርስ መኪና ውስጥ ስታለቅስ መጣች፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀናት ሜዳ አልረገጠችም። ይህ የልጅቷ ጥፋት አይደለም። ልታስረዳት ትችል የነበረችውን ሰው ከመኪናው ያስቀረው የእናንተ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ሲሆን እኛን አብልጦ የሚያሳስበን ይኸው ነው። ማለዳ ገና ሳይነጋ ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ሜዳ መላክ በእኛ ሰፈር ለወላጅ ቀላል ነገር አይደለም። አሰልጣኛችን ይህን ስለምታውቅ በየቤታችን መጥታ ቡና ጠጥታለች። እምቢ ያለን አባት ተከራክራ ሳይሆን ቁጭ ብላ አስረድታ፣ ልጅቷ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ከማን ጋር እንደምትመለስ፣ ፈተና ሲደርስ ልምምዱ እንዴት እንደሚቀነስ አንድ በአንድ ነግራ አሳምናለች። የሂርማታዎቹን ልጆች ሰብስባ፣ የቆጪዎቹን ሰብስባ፣ በቡድን በቡድን አድርጋ ታመላልሳቸው ነበር። ሴት ልጅ ለወንድ አሰልጣኝ አፍራ የማትናገረውን የወር አበባ ጉዳይ ለእሷ ይነግሯታል። እሷ ከሄደች ወዲህ በርካታ ሴት ልጆች አቁመዋል። አባቶች «በማን እምነት ልላካት?» ይላሉ፤ መልስ የምንሰጠው አጥተናል። ካቆሙት አንዷ ጥቅምት ሲገባ ቡና ለቀማ ወረደች፤ ትምህርቷንም በሙሉ ልብ አልተመለሰችበትም። ልጅቷን ትምህርት ቤት ያቆያት የነበረው አንዱ ነገር ሩጫው ነበር፤ «ክፍል የቀረ ልምምድ አይገባም» የሚል ሕግ ነበራቸውና።

እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ጽጌ ድጉማ በ800 ሜትር 1 ደቂቃ ከ57.15 ሰከንድ ሮጣ የብር ሜዳሊያ ስታመጣ ልጆቻችን አንድ ቤት ተሰብስበው ከአሰልጣኛቸው ጋር አይተዋል። ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስታገኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በማግስቱ ሜዳ ላይ አሰልጣኛቸው የነገረቻቸው ስለ ሜዳሊያው ሳይሆን ጽጌ አስቀድማ የአጭር ርቀት ሯጭ እንደነበረችና ፍጥነቱን ይዛ ወደ 800 እንደመጣች ነው። ያን ቀን «እኔም 400 ነው የምሮጠው፤ እችላለሁ ማለት ነው?» ብላ የጠየቀችው ልጅ አሁን ካቆሙት መካከል ናት።

በአንድ ስብሰባ ላይ «ጅማ ዝቅተኛ ናት፤ ሯጭ የሚወጣው ከአርሲ ነው፤ በዚህ ላይ በጀት ማፍሰስ አያዋጣም» የሚል አስተያየት ከመድረኩ ሰምተናል። ይህንንም ዝም ብለን አናልፈውም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ለማራቶንና ለ10,000 ሜትር ከፍታው ዋጋ እንዳለው እናምናለን። የ800 እና የ1500 ሜትር ሯጭ ግን በውድድር ፍጥነት ደጋግሞ መሮጥ አለበት፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ያን ፍጥነት ይዞ መቆየት ይከብዳል። ጅማ ላይ ፈጣኑን ልምምድ በተሻለ አቅም መሥራት ይቻላል፤ ለጉልበት ደግሞ አሰልጣኛችን እሑድ እሑድ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ታስወጣቸው ነበር። አገራችን በረጅም ርቀት የታወቀች ብትሆንም በወንዶች በ800ም ሆነ በ1500 ሜትር እስካሁን አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላትም። መቻሉን ግን አይተናል። ኩትሬ ዱለቻ እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪያ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ነሐስ አምጥታለች፤ መሐመድ አማን በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ሞናኮ ላይ 1500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። ብዙ የሚቀረን ርቀት ይህ ሆኖ ሳለ ርቀቱን ሮጣ የምታውቀውን ሰው ከተማችን በእጇ ይዛ መልቀቋ ያሳዝነናል።

ስለ ሜዳው አጭር እንናገር፤ ችግሩን ታውቁታላችሁና። በክረምት የአፈሩ ዙሪያ ቀይ ጭቃ ይሆናል፤ ይህን ዝናብ ያመጣው ነው፣ ማንንም አንወቅስበትም። የምንወቅሰው በበጋም በሩ በማለዳ ተቆልፎ ልጆቻችን አስፋልት ዳር በባጃጅና በጭነት መኪና መሐል መሮጣቸውን ነው። ቁልፉ በአሰልጣኛችን እጅ በነበረ ጊዜ ይህ አልነበረም። ለፕሮጀክቱ የመጡት ስፓይክ የሚባሉት፣ ከሥራቸው ሹል ጥርስ ያላቸው የሩጫ ጫማዎችም በርክክቡ ዕለት ፎቶ ከተነሱ በኋላ ወደ ስቶር ተመልሰዋል፤ ሁለት ልጆች አሁንም አንድ ጫማ እየተቀያየሩ ነው የሚሮጡት።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀርቷል። ከመሰናበቷ በፊት ለታዳጊዎች ውድድር በሚላከው ዝርዝር ውስጥ ዕድሜያቸው ያለፈ ሁለት ወጣቶች እንዲካተቱ ተጠይቃ የትምህርት ቤት ካርዳቸው ካልመጣ አልፈርምም ብላለች። ለመሰናበቷ ምክንያቱ ይህ ነው አንልም፤ ማስረጃ የሌለንን አንናገርም። ነገር ግን በዚያ ዝርዝር የሁለት እውነተኛ ታዳጊዎች ቦታ ሊወሰድ ነበርና እምቢታዋ ለልጆቻችን መብት መቆም እንደሆነ ሕዝብ እንዲያውቅ እንፈልጋለን። አሁን ዝርዝሩን ማን እንደሚያጣራ ጠይቀን የነገረን የለም።

በዚሁ ላይ 17 ዓመት የሞላው ሁሉ ከፕሮጀክቱ ይውጣ የሚል መመሪያ መጥቷል። ክለብ ያላገኘ ልጅ የት ይሂድ? ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ በ800 እና በ1500 ሜትር ተሰልፎ ከማጣሪያው አላለፈም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅና የ10,000 ሜትር ብር ያጠለቀው ያው ሰው ነው፤ በመካከሉ 12 ዓመት አለ። በ17 ዓመቱ ከሜዳ የተባረረ ልጅ ያን ዓይነት ጊዜ አያገኝም። አንዳንዶቹ የሽልማት ገንዘብ ፍለጋ ገና በልጅነታቸው የጎዳና ላይ ሩጫ ጀምረዋል፤ አሰልጣኛቸው አጥንታቸው ሳይጠና አይሆንም ስትል የከለከለቻቸው ነገር ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አሰልጣኟ በልምድ ተይዛ፣ ካስፈለገም በልዩ ውሳኔ፣ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ እንጠይቃለን። ዲግሪ የግድ ነው ከተባለ እየሠራች የምትማርበት መንገድ ይመቻች፤ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የስፖርት ሳይንስም ይሰጣል፤ እሷም ለመማር ፈቃደኛ ናት። የተመደበው ወጣት ባለሙያ ይቆይ፤ አብረው ይሥሩ። ልጆች ለውድድር ሲሄዱ ከቡድኑ ጋር የሚሄደው የመጀመሪያው ሰው አሰልጣኛቸው ይሁን፤ አበሉ ካልበቃ ከሌላው ይቀነስ። ሜዳው በማለዳና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለታዳጊዎች ክፍት የሚሆንበት ፕሮግራም ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ስቶር ያሉት ጫማዎች ለልጆቹ ይሰጡ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም። ለውድድር የሚላክ የታዳጊዎች ዝርዝር ከመላኩ በፊት ለወላጆች ይታይ። የ17 ዓመቱ መመሪያም ክለብ ላላገኙት ቢያንስ እስከ 20 ዓመት ድረስ ይራዘም።

ይህ ደብዳቤ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ወላጆች፣ ሰልጣኞችና አሰልጣኟ በተገኙበት ስብሰባ እንድትጠሩንና ውሳኔያችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ቢሆን ጉልት የሚውሉትና ከገጠር የሚመጡት ወላጆችም መገኘት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር

የመካከለኛ ርቀት ታዳጊ ሰልጣኞች ወላጆች ተወካይ
ጅማ